የአልጣሽ ቀስት

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ መሬቱ ደርቋል። አልጣሽ ጎሕ ሳይቀድ ከምስሯ ማሳ ዳር፣ ከአጋሙ ሥር በደረቷ ተለጥፋ፣ ቀስት ይዛ ጥንቸል ስትጠብቅ ነው የምታገኟት።

ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ቁልቁል ሲወረድ ካለችው ከዚያች ቁራጭ ማሳ በቀር ሌላ መሬት የላትም። ምስሩ ሲያብብ በየማለዳው ከዳር ከዳሩ ተላጭቶ ይገኝ ጀመር። የባሏ ወንድም ይግዛው መጣና ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ይኸ የጥንቸል ሥራ ነው አላት። ሴት ብቻዋን ስለማትችለው ምርቱን እኩል ሊካፈሉ መሬቱን ትስጠውና እሱ እያረሰ ይጠብቀው፤ ሐሳቡ ይኸ ነበር። እምቢ አለች። ለዋርሳ፣ ለባል ወንድም፣ የተሰጠ መሬት እንደማይመለስ በስንቷ ላይ አይታለች።

ጠመንጃ አታውቅም። ብታውቅስ፣ በዚህ ዘመን አንድ ጥይት ከጮኸ አገሩ ሁሉ ይሮጣል። ስለዚህ የወይራ ዘንግ አጉብጣ፣ ጥጥ ከምትነድፍበት ደጋን ጅማቱን ፈትታ ወጠረችበት። ፍላጻውን ከሸምበቆ ሠራች፤ ጫፉ የተሳለ ሚስማር ነው። ጭድ የሞላበት ጆንያ ላይ ስትለማመድ የመጀመሪያው ፍላጻ ከእግሯ ሥር ወደቀ፤ ጅማቱም ክንዷን ላጠው። ጎረቤቷ የሺወርቅ ባጥሩ ላይ አሻግራ አየቻትና ሳቀች።

"አንቺ፣ ጥጥ ልትነድፊ ነው ጥንቸል? ደግሞስ የማይበላ አውሬ ገድለሽ ማን ሊቀምስልሽ ነው?"

"ልበላው መሰለሽ? እንዳይበላኝ ነው።"

ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላ ሁለት ሳምንት ወረወረች።

ያን ማለዳ ጥንቸሉ እውነትም መጣ። ጆሮውን አቁሞ ከድንበሩ ሣር ቀነጣጠበ። አልጣሽ ትንፋሿን ውጣ ለቀቀችበት፤ ፍላጻው በላዩ አለፈና ጥንቸሉ ቁልቁል ተፈተለከ። ልትነሣ ስትል በታች በኩል እሾህ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ይግዛው ነው። የአጥሩን እሾህ በእጁ አንሥቶ ይዞ፣ ሰባት በጎቹ አንድ ባንድ እየሾለኩ ወደ ምስሩ ይገባሉ።

 ሁለተኛውን ፍላጻ ደገነች። መጀመሪያ አውራው በግ ላይ ነበር፤ ቀስ እያለ ወደ ይግዛው ደረት ከፍ አለ። ልትለቅበት መሆኗን ስታውቅ ራሷን ፈራች። ቀስቱን አወረደችና ቆመች።

"ይግዛው፣ ጥንቸሎችህ ላት አወጡሳ።"

ሰውየው ደንግጦ ሊስቅ ሞከረ። "ውይ አልጣሽ፣ አምልጠውኝ እኮ ነው። ላስወጣቸው መምጣቴ ነው።"

"እሾሁ በእጅህ ነው።"

እሾሁን ጣለው። ፊቱም ተለወጠ። "የወንድሜ መሬት ነው። አንቺ ባዳ ነሽ።"

"ወንድምህን ስምንት ወር አገላብጬ፣ አስታምሜ የቀበርሁት ባዳ ሆኜ ነው?"

 ይህን ብላ ጅማቱን ከቀስቱ ፈትታ ባውራው በግ አንገት አሰረችና እየሳበች ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሰብል ላይ የተያዘ ከብት ሽማግሌ ጉዳቱን ሳያይ እንደማይለቀቅ ይግዛው ያውቃል። ከኋላዋ እየተከተለ ለመናት፤ ሁለት ቁና ምስር እሰጥሻለሁ፣ ነገሩ በቤታችን ይቅር አለ። እሷ ዘወር እንኳ አላለችም።

የማርያም ዕለት ነበርና ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረሱ። የአገሩ ሽማግሌ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

"አባቴ፣ ምስር አልጠይቅም" አለች። "ምስሬን የበላውን አውሬ ይግዛው በሰው ፊት ስሙን ይጥራልኝ።"

ይግዛው አጎንብሶ አንድ ነገር አጉረመረመ።

"ልጄ፣ ጆሮዬ አርጅቷል" አሉት መሪጌታ። "ጮክ በልልኝ።"

"በግ ነው።"

"የማን በግ?"

ይግዛው ወደ በጉ እጁን ሰደደ። አልጣሽ ጅማቱን አላላላችም።

"የኔ" አለ። "አጥሩንም የከፈትሁት እኔ ነኝ።"

በጉን ፈታችለት። ቤቷ ስትገባ ጅማቱን ወደ ጥጡ ደጋን አልመለሰችውም። ወይራው ላይ መልሳ ወጠረችና ቀስቱን ከበሯ በላይ ሰቀለችው፤ በይግዛው ደጅ አቅጣጫ።

እናንተም ልጆቼ፣ ጥንቸል ነው የበላው ሲሏችሁ፣ አደራ፣ አስቀድማችሁ አጥሩን እዩ። ያን ጊዜም አልጣሽን አስቡልኝ።