እንዳለ ይውጣ

በአጎቴ ፎቶ ቤት ውስጥ «እንዳለ ይውጣ» ማለት እንዳለ ይውጣ ማለት አይደለም። ይህን የተማርኩት ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። አንዲት ሴትዮ ለመታወቂያ ፎቶ ተነሡና «ምንም አትንካው ልጄ፣ እንዳለ ይውጣ» አሉኝ። እኔም እውነት መስሎኝ ከነማድያታቸው አትሜ ሰጠኋቸው። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ አጎቴን ጠርተው፣

«ይኼ ልጅ ምን በድዬው ነው?» አሉት።

ከሄዱ በኋላ አጎቴ አስቀምጦ መከረኝ። «ስማ፣ ሰው 'እንዳለ' ሲል አፍሮ ነው። 'አሳምረኝ' ማለት ከብዶት ነው። አንተ ዝም ብለህ አሳምር። እንዳሳመርክ ግን አይታወቅብህ።»

እጄም ለመደው። ቡግር፣ ማድያት፣ ጠባሳ፣ በእንቅልፍ እጦት የጠቆረ የዓይን ሥር፤ ማውሱን ጠቅ ጠቅ ሳደርግ ፊቱ እንደታጠበ ሳህን ይጸዳል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ለመታወቂያ የሚለበስ አንድ ጥቁር ኮት አለ። የሰፈራችን ወንድ ሁሉ መታወቂያው ላይ የለበሰው እሱን ነው። አጎቴ «ሁላችንም የአንድ ኮት ልጆች ነን» ይላል።

እኔን «ሬዲዮ» ብሎ ይጠራኛል። ስለማልናገር ነው።

ከግድግዳው ማዶ የልብስ ሰፊዋ ሱቅ አለ። ሰው በአጭሩ «ሰፊዋ» ይላታል። አጎቴ በየቀኑ «ይቺ መርፌ የምታክል ሴት ምኗ ነው ሰፊ?» ይላል፤ እሷም በየቀኑ «ትዕግሥቴ! ባይሰፋ ኖሮ ካንተ ጋር በአንድ ግድግዳ እኖር ነበር?» ትለዋለች። ከዚያ ሁለቱም አዲስ ቀልድ የሰሙ ይመስል ይስቃሉ።

ሳቋ ግን ሩቅ አይሄድም ነበር። ጦርነቱ የተወለደችበት ከተማ ሲገባ ታናሽ እህቷ እዚያ ነበረች። እናትና አባት የላቸውም፤ ያላቸው እርስ በርስ ነው። መጀመሪያ ስልኩ ተቋረጠ። ቀጥሎ ሰፈሩ ተቃጠለ ተባለ። እህቷን አየሁ የሚል ግን ጠፋ። ከዚያ ከተማ የመጣ ሰው አለ ከተባለ ሰፊዋ መቀሷን ጥላ ትሮጣለች። ስትመለስ የስፌት መኪናውን በኃይል ትረግጠዋለች፤ ያን ጊዜ ከግድግዳው ማዶ ሆነን ምን እንደሰማች እናውቃለን።

ፎቶ እንኳ የላትም። የቤተሰቡ ፎቶ በሙሉ ከቤቱ ጋር ነው የነደደው። አንድ ቀን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና፣

«ሬዲዮ፣ በቃል ብነግርህ ይኼ ኮምፒውተር እህቴን ይሥልልኛል?» አለችኝ።

«እንሞክር እትዬ።»

ጥርሷ ፍንጭት ነው አለችኝ። ቅንድቧ የተጋጠመ ነው፣ ግንባሯ ሰፋ ይላል። ካሉኝ ፊቶች ሁሉ እየለቃቀምኩ አንድ ሴት ሠራሁላት። ትክ ብላ አየቻትና «ቆንጆ ናት» አለች። «ግን አላውቃትም።»

አንዲት ፎቶ አንሺ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አቧራ የጠጣ ጫማ አድርጋ፣ ካሜራ በአንገቷ አንጠልጥላ ገባችና በማግስቱ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ የፎቶ ኤግዚቢሽን እንደምትከፍት ነገረችን። ሁልጊዜ የሚያትምላት ቤት ማሽኑ ተበላሽቶባታል። አጎቴ እንደ ሙሽራ ተንቆጠቆጠ።

«እኛ አለን አይደል! ይኼ ልጅ እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ብቻ ነው የማይሠራው።»

የሰጠችኝን ፍላሽ ሰክቼ ፎቶዎቹን ከፈትኩ። ከጦርነት የሸሹ ሰዎች ናቸው። ደም የሚፈስባቸው፣ ጩኸት ያለባቸው ሥዕሎች ነበር የጠበቅኩት። መጀመሪያ ያየሁት ግን በመንገድ ዳር የተቀመጠ ጎልማሳ ነው፤ በእጁ የቴሌቪዥን ሪሞት ይዟል። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ደነገጥኩና አፌን ያዝኩ።

«ሳቅ፣ ግድ የለም» አለች ፎቶ አንሺዋ። «እሱም ስቋል። ቤቱ ሲመታ እጁ ላይ የነበረው እሱ ነው። ሦስት መንደር አልፎ ነው መያዙን ያወቀው።»

እንደገና አየሁት። አሁን ሳቁ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ፣ ቴሌቪዥኑ የነበረበት ሳሎን፣ አጠገቡ ተቀምጠው ያዩ የነበሩት ሰዎች፣ ሁሉም ከዚያች ትንሽ ሪሞት ውስጥ እየወጡ ታዩኝ። ድፍረት ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣

«እርስዎ… የሚያለቅስ ሰው የለም እኮ» አልኳት።

«አንቺ በለኝ፤ እንዲህም አላረጀሁ። ያለቅሳሉ። ሲያለቅሱ እኔ ካሜራዬን አወርዳለሁ። የሚያለቅስ ፊት ሲያይ ሰው 'ወይኔ' ብሎ ያልፋል። ባለ ሪሞቱ ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል። አንተስ ቆመህ የለ?»

መጨረሻ ላይ ያለው ፎቶ የመማሪያ ክፍል ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያላለቀ የመደመር ሒሳብ ተጽፏል። ከሥሩ አንዲት ወጣት ሴት ወለል ላይ ተቀምጣ የአንዲት ትንሽ ልጅ ጸጉር ታበጥራለች። የጸጉር ሽቦዎቹን በከንፈሯ ነክሳለች። ፊቷ ወደ ጎን ነው፤ አመድ ለብሷል፤ መንጋጋዋ ላይ ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ የሆነ ምልክት አለ።

«እንዳለ ይውጣ፣ እሺ?» አለች ፎቶ አንሺዋ በሩ ላይ ሆና።

«እሺ» አልኩ።

ጆሮዬ ሰምቷል። እጄ ግን ቃሉን በፎቶ ቤታችን ቋንቋ ተረጎመው። በዚያ ላይ አዘንኩላቸው። ቤቱን ያጣ ሰው በማያውቀው ሕዝብ ፊት ሲሰቀል ቢያንስ ፊቱ ይጽዳለት አልኩ። የባለ ሪሞቱን አቧራ አራገፍኩለት። የሴትየዋን አመድ ጠረግሁ፣ የዓይኗን ሥር አበራሁ፣ መንጋጋዋንም አለሰለስኩት። ሳትም እንዴት ያለ ደስታ ተሰማኝ! ገላቸውን ያጠብኳቸው ያህል።

በማግስቱ አጎቴ የመታወቂያውን ኮት ከግድግዳው አውርዶ ራሱ ለበሰውና ፎቶዎቹን ተሸክመን አዳራሹ ደረስን። ሰፊዋም እዚያው ናት፤ ለግድግዳው የሚሆነውን ጥቁር ጨርቅ የሰፋችው እሷ ናት። ወንበር ላይ ቆማ፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ ጨርቁን ታያይዛለች። ፎቶ አንሺዋ መሰላል ላይ ወጥታ መብራት ታስተካክላለች። እኔ የመማሪያ ክፍሉን ፎቶ ገልጬ ሰቀልኩና ለማየት ወደ ኋላ አልኩ።

ከኋላዬ ስፒሎች ወለሉ ላይ ሲዘንቡ ሰማሁ።

«እሷ ናት!» ሰፊዋ ከወንበሩ እንዴት እንደወረደች አላየሁም። «እሷ ናት! አፏን እዩት፣ አነካከሷን እዩት! እናታችን ናት እንዲህ ያስለመደችን! እህቴ ናት!»

አጎቴ መዶሻውን እንደያዘ ቀረ። ፎቶ አንሺዋ ከመሰላሉ መውረድ ጀመረች። ሰፊዋ ፎቶው ሥር ደርሳ ጣቷን ወደ ሴትየዋ መንጋጋ አነሣች። ጣቷ ፈለገ። ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ቆመ።

«አይደለችም» አለች።

«ምነው? አሁን ነች አላልሽም?» አለ አጎቴ።

«እህቴ እዚህ ጋ ጠባሳ አላት። ልጆች ሆነን ካውያ ስንሻማ እኔ ነኝ ያቃጠልኳት። አፍሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም።» ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ስፒሎቿን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። «እሷ በሆነች ብዬ ነው እንጂ… ሌላ ሰው ናት። ጠባሳ እኮ አይጠፋም።»

እኔ ደግሞ ጠባሳ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ጠቅ ነው።

ከዚያ ከውስጤ የማላውቀው ድምፅ ወጣ፤ አዳራሹ አስተጋባው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት!»

ሁሉም ዞሩ።

«ጠባሳ ነበራት! እዚህ ጋ፣ ከጆሮዋ በታች! አየሁት! እኔ ነኝ ያጠፋሁት!»

«ሬዲዮው ተከፈተ» አለ አጎቴ፣ ከልማዱ የተነሣ፣ በሹክሹክታ።

ፎቶ አንሺዋ ፊቴ መጥታ ቆመች። «እንዳለ አላልኩህም?»

«ብለሽኛል። እኛ ጋ ግን እንዳለ ማለት…»

«እናንተ ጋ እንዳለ ማለት ምንድን ነው?»

አጎቴ ሳል ያዘው። መልሱን ግን የሚጠብቅ አልነበረም፤ ሰፊዋ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች።

«የቀድሞው አለ? አለ ወይስ አጥፍተኸዋል?»

«አለ! ኮምፒውተሩ ላይ አለ!»

ሮጥን። የአዳራሹን ደረጃ እየዘለልን ወረድን፣ አስፋልቱን አቋረጥን፣ የታክሲ ጥሩምባ ጮኸብን። ሰፊዋ ከፊቴ ናት፤ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ በእጇ ይዛዋለች። ፎቶ አንሺዋ ከኋላዬ ካሜራዋን በክንዷ ታቅፋ ትሮጣለች። ፎቶ ቤቱ ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ከሩቅ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የአጎቴ ድምፅ መጣ።

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው! እንዴት ቁልፉን ትታችሁ ትሮጣላችሁ?»

ያ ኮት እንደዚያ ቀን ሮጦ አያውቅም። አጎቴ እያለከለከ ደርሶ ቁልፉን ሲፈልግ የኮቱ ኪስ ውስጥ ያገኘው የሰው ማበጠሪያ ነበር፣ ቀጥሎ የሰው መሐረብ። ሰፊዋ «ወይ አምላኬ፣ በሩን እሰብረዋለሁ!» ስትል ቁልፉ ከሱሪው ወጣ።

ኮምፒውተራችን ሲከፈት ይንቀራፈፋል። ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረዋን ነገር ሁላችንም እንደ ጠላት አየናት። በመጨረሻ ፎቶው መጣ። ከነአመዱ። መንጋጋዋን አጉልቼ አመጣሁት።

ጠባሳው እዚያው ነበር። የካውያ ጫፍ ቅርጽ አለው፤ አፍንጫው ወደ ጆሮዋ ያመለክታል።

ሰፊዋ አላለቀሰችም። ጀርባዬን በጥፊ ደጋግማ መታችኝ፣ ከዚያ አቀፈችኝ፣ ከዚያ ስክሪኑን ሳመችው። «አለች! ሬዲዮ፣ አለች! አንተ የተረገምክ፣ አንተ የተባረክ!»

ፎቶ አንሺዋ ስልኳን አውጥታለች። «ያነሣኋት በቅርብ ነው። የተጠለሉበትን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው መምህር ስልክ አለኝ። ኔትዎርክ ካለ…»

ጠራ። አንድ ሰው አነሣ። ፎቶ አንሺዋ ድምፁን ለሁላችን ከፍታ አስረዳችው፤ ጸጉር የምታበጥረዋ፣ ሰሌዳው ያለበት ክፍል፣ ጠባሳ ያላት። «አወቅኳት፣ ጠብቁ» አለ። የእርምጃ ድምፅ፣ የሕፃናት ጫጫታ፣ የበር መንቋቋት ሰማን።

«አቤት? ማን ልበል?»

ሰፊዋ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። አጎቴን በየቀኑ የሚረታው አፍ ተዘጋ።

«ይናገሩ እንጂ እትዬ!» አልኳት፤ እኔ፣ ከሰው ሁሉ እኔ!

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ያቃጠልኩሽ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ከዚያኛው ጫፍ ጩኸት መጣ።

«ተራው እኮ የኔ ነበር! ካውያው የኔ ተራ ነበር!»

ከዚህ በኋላ ማን ምን እንዳለ መጻፍ አልችልም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚያወሩት፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚስቁት። የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእህቷ ስልክ ከነቁጥሮቹ ከቤቱ ጋር ነድዷል። አጎቴ በኮቱ እጅጌ ፊቱን እየጠረገ «አቧራ ነው» ይላል። ትንሽ ጋብ ሲል ሰፊዋ፣

«ልጅቷስ? ፎቶው ላይ ያለችው ማን ናት?» አለቻት።

«አላውቃትም። መንገድ ላይ ነው ያገኘኋት። ስሟን እስካሁን አልነገረችኝም።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ሳበጥራት ዝም ትላለች። ስተው ታለቅሳለች። ስለዚህ አልተውም።»

ያን ጊዜ ሰፊዋ አለቀሰች። ፎቶ አንሺዋ አጠገቧ ነበረች፤ ካሜራው ደረቷ ላይ ነው። እጇ ሊያነሣው ሄደ፤ ከዚያ መልሳ ወደ ጀርባዋ አዞረችው።

ስልኩ ሲዘጋ ሰፊዋ የአውቶቡስ መናኸሪያ በየት በኩል ይቀርባል እያለች ነበር። ፎቶ አንሺዋ ግን ወደኔ ዞረች።

«ሌላ የነካኸው አለ?»

«ሁሉንም» አልኩ። «ሪሞቱን ግን አልነካሁም።»

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቀች። «ቶሎ በል!»

አንዱም ሳይቀር እንደገና አተምኩ። ከነአመዱ፣ ከነላቡ፣ ከነጠቆረው የዓይን ሥር። ማሽኑ ጋለ፤ ወረቀቱ ሲወጣ ጣቴን ያቃጥለኛል። ፊታቸውን ሳጸዳ ያየሁት ማውሱን ነበር፤ አሁን ነው ሰዎቹን ያየኋቸው። አዳራሹ ስንመለስ በሩ ላይ ሰልፍ ተይዟል፤ አጎቴ ቀድሞን ደርሶ የመግቢያው ሰው ይመስል በኮቱ ቆሞ «ትንሽ ነው፣ ፊታቸውን እያስመለስን ነው» እያለ ያጫውታል።

ሰው ገባ። ሰፊዋ ፎቶው ጎን ቆማ የቀረበውን ሁሉ «እህቴ ናት፤ ጠባሳው የኔ ነው» ትላለች። ሰውም ይቆማል። ጠባሳውን አይቶ ወደ አመዱ፣ ከአመዱ ወደ ልጅቷ ዓይን ይሄዳል። «ወይኔ» ብሎ ያለፈ አላየሁም።

እኔ እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ ነበር። አንድ ሽማግሌ በባለ ሪሞቱ ፎቶ ፊት ቆሙ። አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ለረጅም ጊዜ የሰውየውን ጆሮ አዩ፣ እጁን አዩ። ከዚያ የሚጠይቁት ሰው ፈልገው ዞሩና እኔን አገኙ።

«ልጄ፣ ይኼ ፎቶ እንዳለ ነው? ምንም አልተነካም?»

«እንዳለ ነው አባባ!» አልኩ። ድምፄ አዳራሹን ሞላው። «እንዳለ ነው፤ ይምጡ፣ በደንብ ይዩት!»