የግራ እጆች

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ስምንተኛ ክፍልን ዘንድሮ የፈጸመች ልጅ ናትና የጻፈችው፣ የጽሕፈቴን መንጋደድና የፊደሌን ግድፈት በትዕግሥት እለፍልኝ። መብራት ከመቅረዝ ወደ መቅረዝ ሲለኰስ እንደማይጎድል ሁሉ፣ የመምህር ጥበብም ለባልንጀራው ሲገለጥ ይበዛል እንጂ አይጎድልም፤ ድካሙን የሸሸገ መምህር ግን ከድካሙ ጋር ያረጃል።

የሒሳብ መምህራችን አምሳሉ ትሑትና ትጉህ፣ ነገር ግን ነቀፋን አብዝቶ የሚፈራ ሰው ነበር። የአምስት አጎራባች ትምህርት ቤቶች መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል እየተዘዋወሩ ለመጎብኘት ተስማምተው፣ ተራው የእኛ በሆነ ዕለት፣ እንግዶቹ ሳይገቡ፣ «ልጆች፣ ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ አንሡ፤ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን፤ የምጠራው ቀኞቹን ብቻ ነው!» ብሎ መከረን። ያሳደገኝ አጎቴ፣ በክልላዊው ፈተና ከወደቅሁ ትምህርቴ በዚያው እንዲያበቃ ቈርጦ ሳለ፣ እኔ ግን ክፍልፋይ የሚሉት ነገር ፈጽሞ ተሰውሮብኝ፣ እንዳልጠይቅም አንደበቴ በኀፍረት ተለጕሞ ነበር።

መምህራችን ከሢሶና ከሩብ የትኛው እንደሚበልጥ በጠየቀ ጊዜ፣ ክፍሉ እጅ በእጅ ሆነ። ያን ጊዜ ከወንዝ ማዶ የመጡት አንጋፋዋ መምህርት የኔወርቅ ከኋላ ወንበር ተነሥተው፣ «አምሳሉ፣ ፈቀድህልኝ?» አሉና ወደ እኔ አመለከቱ፤ «አንቺ፣ ግራሽን ያነሣሽው።»

«ቲቸር… አላውቀውም» አልሁ።

መምህራችን ፊቱ ዐመድ መሰለ። እሳቸው ግን ከት ብለው ሣቁ። «አይዞህ! እኔም በዚህች ዘዴ ስንት ተቈጣጣሪ ሸኝቻለሁ፤ አንድ ቀን የኔዎቹ ግራና ቀኙ ተምታታባቸውና ጉድ ሠሩኝ!» እንግዶቹም ሣቁ፤ መምህራችንም ተነፈሰ። «በይ የኔ ልጅ፣ አንድ ዳቦ ለሦስት ስትካፈሉና ለአራት ስትካፈሉ፣ መቼ ይሻልሻል?»

«ለሦስት!»

«አየሽ፣ ሆድሽ ቀድሞሽ ያውቃል።»

ከዚያ በኋላ መምህራኑ ከዋርካው ጥላ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ተማሪዎቹ የተሰናከሉበትን ሳይሸሽግ ተናገረ፤ አንዱ የፈተነውንም ዘዴ ሌላው ወሰደ። አምሳሉም ከዚያች ዕለት ጀምሮ አስቀድሞ ግራ እጆችን መጠየቅ ልማዱ አደረገ። ፈተናው ደረሰ፤ አለፍሁ፤ አጎቴም «እንግዲህ ዘጠነኛን ግቢያ» ባለኝ ጊዜ፣ በደረቴ የኖረው ድንጋይ ተንከባልሎ ወደቀ።

ለማንም ያልነገርሁት ግን ይህ ነው፦ መምህርቷ በአጋጣሚ የጠሩኝ ይመስላቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ግራ እጄን ከሁሉ ከፍ አድርጌ፣ ከወንበሬም ብድግ ብዬ ያነሣሁት እንዲያዩኝ ነበር፤ አንደበቱ የታሰረበት ሰው እጁን መልእክተኛ አድርጎ ይልካልና፣ የሚያየው ዐይን ያገኘ ለታ ይፈታል።