የጋሽ ካሳሁን ጆሮ

መርዶ እየመጣበት ካለ ሰው ጋር ቆሞ እንደ ወትሮው መሳቅና መጫወት እንዴት እንደሚቻል ያስተማረኝ የለም። ቅዳሜ ማለዳ የጓደኛዬ የሕሩይ ሚስት አፀደ ደውላ፣ "ነቢዩ፣ በናትህ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪደርሱ ሕሩይን ከትራክተሩ ጋር አቆይልኝ፤ ስልክ እንዳይደውል" ስትለኝ እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ገና በደንብ ሳልነቃ ነው። ስነቃ መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ሎረንስቪል ወዳለው ቤታቸው እየነዳሁ ራሴን እሰድብ ነበር።

የባሏ አባት ጋሽ ካሳሁን አገር ቤት፣ አሰላ ላይ አርፈው ከተቀበሩ ሰንብተዋል። የማያውቀው ሕሩይ ብቻ ነው። የእኛ ነገር እንዲህ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻውም ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር። እስከዚያ ድረስ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ የሐዘኑ ባለቤት አያውቅም። ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ያለችው የሀበሻ ሬስቶራንት አስተናጋጅ ሳትቀር ሐሙስ ዕለት በጆሮዬ ሹክ ብላኛለች። ሲያናድደኝ ይውላል ይሄ ነገር። ግን የእናቴን ሞት እኔም የሰማሁት እንደዚያው ነው፤ ያን ጊዜ የያዙኝን ሰዎች እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

ሕሩይ ከቤቱ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበር። ቤቱን ሲገዛ የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደ አሮጌ የቤንዚን ትራክተር አለ። ሕሩይ ፒችትሪ ኮርነርስ ያለ የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው፤ ከቲማቲም ሌላ ተክሎ አያውቅም። ትራክተሩን ግን በብረት ዋጋ ሊሸጠው ሲል ፎቶውን ለአባቱ ላከላቸው፣ እዚያ ላይ ነገሩ ተለወጠ። ጋሽ ካሳሁን ዕድሜያቸውን ሙሉ የእርሻ ትራክተር ጠጋኝ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ዝም ያሉ ሰው፣ ፎቶውን ሲያዩ አፋቸው ተፈታ። ሕሩይ የሞተሩን ድምፅ ቀድቶ ይልካል፣ እሳቸው አዳምጠው መልሰው በድምፅ ያዛሉ። በዚህ ዓይነት አባትና ልጅ ነዳጅ ቀላቃዩን ካርቡራተር አጠቡ፣ ብልጭታ ሰጪውን ካንዴላ ቀየሩ። የቀረው ታይሚንጉ ነበር፤ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ልክ በሰዓቱ እንዲመታ ማድረግ።

"ታይሚንግ ላይት ይዤልሃለሁ" አልኩት፣ ዓይኑን እየሸሸሁ። እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው፤ በዚያች መብራት የአስር ደቂቃ ሥራ ነው።

"አስቀምጠው። በጆሮ ነው የምንሠራው።"

"በማን ጆሮ?"

"በጋሼ ነዋ።" አባቱን ጋሼ ነው የሚላቸው። "ሰኞ ድምፁን ልኬላቸዋለሁ። እስካሁን መልስ የለም። ኔትወርኩ ዳውን ነው መሰለኝ።"

ሕሩይ ጨርቅ አንሥቶ እጁን እየጠረገ ወሬውን ቀጠለ። "ሳቅብኝ ከፈለግህ። ይሄ ሰውዬ በሕይወታቸው 'ሆነልህ' ብለውኝ አያውቁም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ 'ትጨርሰው እንደሆነ እናያለን።' ቤት ስገዛ፣ 'ዕዳው የማነው?' ይሄ ሞተር ተስተካክሎ ሲሰሙት ግን ይሉኛል። ውሸት አይችሉም በሞተር ነገር። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አልስቅበትም። ከዚህ በኋላ ማንም "ሆነልህ" እንደማይለው እያወቅሁ መሬት መሬቱን አያለሁ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረኝ፤ አፀደ ናት። "ሰማንያ አምስት ሀይዌይ ላይ አክሲደንት አለ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ያዘው" ይላል። ሀበሻ ለሰርግ ሲዘገይ ለምጄዋለሁ፤ ለመርዶ ሲዘገይ ግን አይቼ አላውቅም።

"ለምን አልደውልላቸውም?" አለ ሕሩይ፣ ስልኩን ከትራክተሩ ጭቃ መከላከያ ላይ እያነሣ።

"ተኝተው ይሆናል" አልኩ።

"እዚያ እኮ ከሰዓት ነው።"

ሌላ ውሸት ስፈልግ የሕሩይ ስልክ ጮኸ። ደወል አልነበረም፤ የመልእክት ድምፅ ነው። ሕሩይ አየና ፊቱ በራ። "ጋሼ" አለ።

የትራክተሩን ጎማ ያዝኩ። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ጋሽ ካሳሁን መልእክቱን የቀዱት ሳይሞቱ ነው፤ ኔትወርክ ስላልነበረ ሳይሄድ ቀርቶ፣ የእህታቸው ልጅ ለቅሶ ቤት ውስጥ ጠፍቶ የሰነበተውን ስልክ ቻርጅ አድርጋ ስትከፍተው ነው የወጣው። ያን ጊዜ ግን ይሄን ማን ነገረኝ? የተቀበሩ ሰው መልእክት ላኩ። ያየሁት እሱን ነው።

ሕሩይ ተጫነው። መጀመሪያ ትንፋሽ መጣ፤ ረጅም፣ የሚያፏጭ። ከኋላ ዶሮ ትጮሃለች፤ አንዲት ሴት መድኃኒቱን ወሰዱ ወይ ትላለች። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ።

"ሕሩይ። የላክኸውን ሰማሁት። ዘግይቷል። ብልጭታው ፒስተኑ ከወረደ በኋላ ነው የሚመጣ። ሞተሩ እየሠራ አይደለም፣ እየተጎተተ ነው። የዲስትሪቢተሩን ብሎን አላላው፤ አታውጣው፣ አላላው ብቻ። ሞተሩ እየዞረ ቀስ ብለህ ወደ ፊት አምጣው። ድምፁ ሲጠራ ትሰማዋለህ። አትቸኩል... ትንሽ ቀረው ስትል፣ ቀርቶታል ማለት ነው። ካለፍክ ይንኳኳል፤ ያኔ ጥቂት መልስለት። ስትጨርስ ድምፁን ላክልኝ። እዚሁ ነኝ።"

ሳል መጣና ተቋረጠ።

"ታመዋል እንዴ?" አለ ሕሩይ።

"ጉንፋን ይሆናል" አልኩ። የገዛ ድምፄን አላወቅሁትም።

ሕሩይ የብልጭታ አከፋፋዩን የዲስትሪቢተሩን ብሎን በመፍቻ አላላ፣ ሞተሩን አስነሣ። ትራክተሩ እንደ ታማሚ እያቃሰተ ተነሣ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ጥቁር ጭስ ተፋ። "እጄ ግሪስ ነው" አለኝ ሕሩይ ጮክ ብሎ፣ "ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዝልኝና ደጋግመህ አጫውተው።"

እንዲህ ያለ ሥራ ጠላቴም አይሥራ። በአንድ እጄ የሙት ድምፅ ይዤ ወደ ልጁ ጆሮ አስጠጋሁ፤ ለእኔም ይሰማኛል። አላላው ብቻ። ወደ ፊት አምጣው። ሕሩይ ሁለት እጁን ዲስትሪቢተሩ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ራስ ቀስ አድርጎ አዞረው። ማቃሰቱ ቀነሰ። "እዚህ ጋ ነው ጋሼ?" አለ፣ ለራሱ። በዚያችው ቅጽበት ስልኩ፣ "አትቸኩል... ትንሽ ቀረው" አለ። ፀጉሬ ቆመ። ሕሩይ ፈገግ አለ፣ ትንሽ ጨመረ። ሞተሩ ፈጠነ፣ ከዚያ ከውስጡ ጠጠር የገባበት ይመስል ተንኳኳ። "ያኔ ጥቂት መልስለት" አሉ ሽማግሌው። መለሰለት።

ጠራ። እኔ የስንቱን ሞተር ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ሲጠራ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ጭሱ ጠፋ፣ የቆርቆሮው ግድግዳ መንቀጥቀጡን ተወ። የሆነ ሰው ከኋላችን ቆሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ መሰለኝ፤ ዞር ለማለት ፈራሁ። ዞርኩ። ጭጋግና ቀዩ ጭቃ ብቻ ነበር።

ሕሩይ ብሎኑን አጠበቀ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ ሞተሩ ዘረጋ። "ጋሼ፣ ስሙት" ብሎ ላከ። ጎን ለጎን ቆመን ስክሪኑን አየን። መልእክቱ ደረሰ። ወዲያው ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ።

"ሰሙት" አለ።

ከዚያ ከስማቸው ሥር፣ እየቀዱ ነው የሚለው ምልክት መጣ። ሕሩይ ትንፋሹን ያዘ። እኔም ያዝኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ እንጂ፣ ለአንድ አፍታ እኔም ጠብቄአቸዋለሁ። ምልክቱ ጠፋ። ተመልሶ መጣ። ጠፋና ቀረ።

"ጋሼ እኮ እንዲህ አያደርጉም" አለ ሕሩይ ቀስ ብሎ። "ጀምረው አይተዉም።"

በዚያው መኪኖቹ ወደ ግቢው ገቡ፣ ተከታትለው፣ መብራታቸው በጭጋጉ ውስጥ እየታየ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወረዱ። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ አክሊሉ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት ይመጣሉ። አፀደ በኩሽናው በር ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ሕሩይ አያቸው። ቅዳሜ ማለዳ ያን ሁሉ ሰው በዚያ አለባበስ ያየ ሀበሻ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የማን እንደሆነ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ እሱም ስልኩን እያየ ነበር።

ሞተሩን ላጠፋ እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። ያዘኝ።

"ተወው" አለ። "ካጠፋነው ይነግሩኛል።"

አቶ አክሊሉ በሩ ላይ ደረሱ። አፋቸውን ከፈቱና ሞተሩ ስለሚጮህ መልሰው ዘጉት፤ መርዶ ተጩሆ አይነገርም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ከኋላቸው ሌላውም ሰው ጭቃው ላይ ቆመ። ትራክተሩ ጥርት ብሎ ይሠራል፣ ሕሩይ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ያዳምጣል፣ እንባው በአገጩ ይወርዳል። የሞተሩ ሙቀት ጉንጬን እስኪያቃጥለኝ ድረስ ቆመናል።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ አጥፋው" አለኝ። "እኔ አልችልም።"

አጠፋሁት።