ሳይገባ የሳለው ሰውዬ

ርቂያ ሱሪውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ማዶ ያለው መስጊድ በጨርቁ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየ።

"ይሄ የሚለበስ ነው ወይስ ሻይ የሚጠለልበት?"

"የሚለበስ ነው አክስቴ" አለች ነዝሃ። "ሳንቲም ከተሰፋበት ከዚህ ሰደርያ ጋር። ሆድ ትንሽ ይታያል፣ ግን ያምራል።"

"የኔ ሆድ? አምስት ልጅ የወጣበት?"

ርቂያ እዚህ የሞሮኮ ከተማ ተጥዋን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሴት ስታሽ የኖረች ናት። የሰፈሩ ሐማም፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ ከተዘጋ ወዲህ ግን እጇን አጣጥፋ ቁጭ ብላለች። ነዝሃ ደግሞ ከፈረንሳይ፣ ከሊዮን ተመልሳ የአያቷን ቤት ሆቴል አድርጋ፣ ምድር ቤቱ ላለው ሐማም አሺ ትፈልጋለች። ሥራውስ ርቂያ እጅ ላይ ነው፤ የቸገረው ልብሱ ነው። ርቂያ አልለብስም ካለች ነዝሃ ሌላ ሴት ትጠራለች። አሥር ሰዓት ላይ ስድስት ፈረንሳዊ ሴቶች ይመጣሉ።

ልብሱ የተቀዳው ከሥዕል ነው። የሐማሙ የሴቶች በር ላይ ብርድ ልብስ የሚያህል የድሮ ሥዕል ቅጂ ተሰቅሏል። አንዲት ነጭ ሴትዮ ራቁቷን እንደ ድመት ተጋድማለች፤ ያንን ሱሪ የለበሰች ጠይም ገረድ ታራግብላታለች።

"እንግዶቹ ይሄን ማስታወቂያችን ላይ አይተው ነው የሚመጡት" አለች ነዝሃ።

ርቂያ ተጠግታ ባልዲ ፈለገች። የለም። ሳሙናም የለም። ሙቅ ውሃዬን ወሰድሽብኝ ብላ የምትጣላ አንዲት ሴት እንኳ የለችም።

"ይቺ ሴትዮ ብርድ ሊመታት ነው እኮ! ማነው የሳላት?"

"አንድ ፈረንሳዊ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት።"

"ወንድ?"

"አዎ፣ ወንድ።"

"እንዴት ገባ?"

እዚህ አገር የሴቶች ሐማም የገባ ወንድ በባልዲ ተቀጥቅጦ ነው የሚወጣው።

"አልገባም" አለች ነዝሃ። "ፓሪስ ቁጭ ብሎ ነው። ሴትዮዋም የፓሪስ ናት።"

ርቂያ ከት ብላ ሳቀች። "እና ሠላሳ ዓመት የገባሁት እኔ፣ ያልገባው ሰውዬ እንዳሰበው ልልበስ? እሺ፣ እለብሳለሁ። አንቺ አውልቂና ተኚ፣ ላሽሽ።"

እንፋሎቱ ውስጥ ሱሪው ጭኗ ላይ ተጣብቆ፣ እግሯን እንዳሰሯት ዶሮ ተራመደች። ገና ማሸት ስትጀምር የሰደርያው የቆርቆሮ ሳንቲሞች ነዝሃ ጀርባ ላይ ተንሸራተቱ።

"ዋይ ጀርባዬ! በሹካ ነው እንዴ የሚያሹኝ?"

"እኔን ምን አርግ ትይኛለሽ? ለፈረንሳዩ ንገሪው!"

ርቂያ ሱሪና ሰደርያውን ጥግ ወርውራ የራሷን አሮጌ ጉርድ ታጠቀች። ሻካራውን ጓንት አጥልቃ አንዴ ስትስበው እድፉ እንደ መኮሮኒ እየተጠቀለለ ወረደ።

"አየሽ? ይሄ የሊዮን እድፍ ነው። ዙሪ!"

ነዝሃ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ፎጣ ተጠቅልላ ወጣች። እንግዶቹ ሊደርሱ ግማሽ ሰዓት ቀርቷቸዋል።

"አክስቴ፣ በራስዎ ልብስ ይሥሩ" አለች። ከዚያ ቀና ብላ ሥዕሉን አየችው። "ይሄንንስ? ላውርደው?"

"ምን በወጣው!" አለች ርቂያ፣ ጓንቷን እየጨመቀች። "የወንዶቹ ሐማም በር ላይ ስቀይው። ሴቶቹ ጋ ያልገቡት እነሱ ናቸው።"

ነዝሃ በፎጣዋ እንዳለች መሰላል ልታመጣ ሄደች።