የአንዲቷ ዘር

ዕድሜዬን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ሳነሳ ኖርሁ። ከጨረር የሚከልለውን የእርሳስ ሽርጥ ሕፃን ለያዘች እናት አልብሼ፣ እኔ ያለ ሽርጥ አጠገቧ እቆም ነበር።

በቀደም ሐኪሟ ሰርካለም የደም ምርመራዬን አየች። "ጋሽ ይስማው፣ መቅኒ ውስጥ ደም የሚወልዱ ብዙ እናት ሴሎች አሉ። የእርስዎን ጨረሩም እርጅናውም አዳክሟቸዋል። አሁን ደምዎ ሁሉ ማለት ይቻላል የአንዲቷ ዘር ነው፤ እሷም ጤነኛ አይደለችም" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን አያመኝም?" ብዬ ተቆጣሁ።

"ገና ነው" አለች።

እንደተናደድሁ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ወደሚኖረው ታላቅ ወንድሜ፣ ወደ ወንድማገኝ ሄድሁ። ማሳው ጥቅጥቅ ብሎ ለምልሟል።

"ምን ያለ ገብስ ነው!" አልሁት።

አቀረቀረ። "ሲናር ነው። ካረጀሁ ወዲህ ማረም አቃተኝ። እሱ ደግሞ ከአጨዳ በፊት እየረገፈ ራሱን ይዘራል፤ በየዓመቱ ገብሱን እየዋጠ መጣ። እስኪያፈራ ድረስ ለባዳ ሰው ገብስ ይመስላል።"

ነፋስ አልነበረም። ማሳው ግን በሙሉ፣ እንደ አንድ ሰው፣ ወደ እኔ ጎንበስ አለ፤ ዘመድ ዘመዱን እጅ እንደሚነሳ።