ትርንጎ ብራና ስትጠብቅ

ጊዜ የፍጥረት ሁሉ ሞግዚት ነው፤ ዘርን በምድር ማኅፀን፣ ጠጅን በጋን ሆድ፣ ጥበብንም በሰው ልቡና ሰውሮ ያበስላል፤ ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ አረጋዊ ዐሥር ዓመትን እንደ ትናንት ሲያይ ሕፃን አንዲቱን ቀን እንደ ዘመን ስለሚቆጥራት፣ «ታገሥ» የምትለው ቃል ከሽማግሌ አፍ ስትወጣና በልጅ ጆሮ ስትገባ መጠኗ አንድ አይደለም።

ከጎንደር ወዲህ፣ በአንድ ደብር አጥር ሥር፣ እጃቸው ርቱዕ፣ ልባቸው የዋህ የሆነ አለቃ ዘዮሐንስ የሚባሉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጃቸውን ትርንጎን የብራና ሥራ ያስተምሩ ነበር፤ እርሷም ብልህና ቅን ስትሆን ችኩል ነበረችና፣ ሁለት ቆዳ ሳይደርቅ ከመወጠሪያው ፈትታ አጨማድዳ አበላሸች። ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ስኂን ይህን ሰምተው መጡ።

«ይህች ልጅ እኮ እሸት እስኪጠበስ እንኳ አትጠብቅም። ለእኔ ስጠኝ፣ ጥጥ ላስፈትላት።»

«ሦስተኛው ከተበላሸ ይውሰዷት፣ እትዬ» አሉ አለቃ፤ ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ ግን ቤቱ ያለ እርሷ ወና ሆኖ ታያቸው።

ሦስተኛው የፍየል ቆዳ በተወጠረ ማግሥት፣ አለቃ ከቅዳሴ ሲመለሱ ልጃቸው ገመዱን ስትፈታ ደረሱባት፤ አንዱ ጠርዝ ተለቆ እንደ ደረቀ ቅጠል መጠቅለል ጀምሯል። ቁጣቸውን ገትተው ጠየቋት።

«ትንሽ ቆዪ አላልሁሽም፣ ልጄ?»

«ቆየሁ እኮ፣ አባዬ። ትናንትም ትንሽ ብለውኝ ነበር። የእርስዎ ትንሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

አለቃ በተጠቀለለው ጠርዝ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። አንዱን ዳዊት በስምንት ወር የሚጽፉ፣ መሥመሩን በክር የሚለኩ ጠንቃቃ ሰው፣ ለልጃቸው ግን ልክም ድንበርም የሌለው ትንሽ እየሰጡ፣ ባዶ እጇን በባዶ ጊዜ ፊት አስቀምጠዋት እንደ ኖሩ ተረዱ። ስለዚህ ውኃ አስመጥተው ቆዳውን አራሱት፣ አብረዋትም እንደ ገና ወጠሩት።

«ጧት፣ ቀትርና ሠርክ ገመዱን እየዞርሽ ታጠብቂያለሽ። በሦስተኛው ቀን በጣትሽ ስትመቺው እንደ ከበሮ ከጮኸ ትፈቺዋለሽ።»

«ካልጮኸስ?»

«አራተኛ ቀን አለ። እኔም አለሁ።»

ብዕራቸውን አስቀምጠው ሦስት ቀን ከአጠገቧ ተቀመጡ፤ ስታጠብቅ ያያሉ፣ ስትቁነጠነጥ ተረት ያወሩላታል። በሦስተኛው ቀን ሠርክ ወይዘሮ ስኂን የሦስተኛውን ቆዳ ነገር ሊያዩ በበቅሎ ደረሱ።

«በይ ፍቺውና እንየው፤ መሽቶብኛል።»

ትርንጎ ቆዳውን በጣቷ መታች፤ ጆሮዋን አስጠግታ ደገመች፤ አባቷን ቀና ብላ አየች፤ እርሳቸውም ፍርዱን ለእርሷ ተዉላት።

«ገና ነው፣ አክስቴ። ነገ ይምጡ።»

«ወይ ጉድ፣ እሷ ስትጠብቅ አይቼ ሳልጨርስ እኔኑ ታስጠብቀኝ ጀመር» አሉ ወይዘሮዋ፣ እየሳቁም በቅሏቸውን መለሱ። ብራናው በማግሥቱ ነጭና ልሙጥ ሆኖ ተፈታ፤ ልጅቷም በአባቷ ቤት ቀረች። ልጅን «ታገሥ» ማለት ምክር ነው፤ ከልጅ ጋር መታገሥ ግን ርስት ማውረስ ነው።