ዓርብ ከሰዓት የሚታጠፍ ትምህርት ቤት

ቬርኔል ፔትዌይ ሁለት ደቂቃ ለመናገር ብላ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፍራ ነው የመጣችው። ሁለት ደቂቃ! ሰው ሳንዱች ለመግዛት እንኳ ከዚያ በላይ ይሰለፋል። ግን የግዛቱ ምክር ቤት ደንብ ነው፤ ምን ይደረግ።

የልጇ የካሪስ ትምህርት ቤት ቻርተር የሚሉት ዓይነት ነው። የሕዝብ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ የሚያስተዳድሩት ግን ራሳቸው መምህራኑና ወላጆቹ ናቸው። መንግሥት ለሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ሕንፃ ያቆማል፤ ለእነዚህ ግን ለጣሪያ ብሎ ሰባራ ሳንቲም አይሰጥም። የእነዚህ ወላጆች ግብር ሌላ ቀለም ያለው ይመስል! ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተው ያስተምራሉ። እሑድ ምእመናኑ ስለሚገቡ፣ ዓርብ ከሰዓት ወላጅ ሁሉ መጥቶ ወንበሩን ያጥፋል፣ ሰሌዳውን ይነቅላል፣ ወለሉን ይጠርጋል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ እንደገና መዘርጋት ነው። አሁን ቤተ ክርስቲያኑም ሊሸጥ ነው። ምክር ቤቱ ለእነሱም የሕንፃ ገንዘብ ዛሬ ካልፈቀደ ትምህርት ቤቱ ሰኔ ላይ ይዘጋል።

ካሪስ በድሮው ትምህርት ቤቷ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። ቤት ስትገባ እንደ ሬዲዮ ታወራለች፤ ክፍል ውስጥ ግን ጭጭ። ባለፈው ወር ግን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተነስታ፣ ለክፍሉ በሙሉ ጮክ ብላ አንድ ገጽ አነበበች። ቬርኔል ልትናገር የመጣችው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ነገር የላትም።

ቬርኔልና አብረዋት የመጡት ወላጆች የምክር ቤቱ ላይኛው አዳራሽ ሞልቷል ተባሉና፣ ስብሰባውን በቴሌቪዥን እያዩ ተራቸውን እንዲጠብቁ ምድር ቤት አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። መጀመሪያ ስለ ዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ተወራ። ከዚያ በረዶ ላይ ስለሚነሰነስ ጨው። ከዚያ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ተነስቶ፣ የነባሮቹ ትምህርት ቤቶች ጣሪያም እንደሚያፈስ፣ ለቻርተር የሚሰጠው ከእነሱ አፍ የሚነጠቅ መሆኑን ይተነትን ጀመር። ይተነትናል፣ ይተነትናል።

«የዚህ ሰውዬ ሁለት ደቂቃ የሚለካው በምንድን ነው? በቀን መቁጠሪያ?» አሉ ሚስተር ሮስኮ። ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሽማግሌ ናቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ግን የደከመው ሰው ሳቅ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጥበቃው ብቅ አለ። «ይሄ ክፍል ሊዘጋ ነው። ወደ ላይ ውጡ፣ ስማችሁ ሊጠራ ነው» ብሎ ሄደ።

ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከሰዓት ነው። አንዷ እናት የተቀመጠችበትን ወንበር አጠፈች። አጠገቧ ያለውም አጠፈ። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ እጅ ራሱ ያውቀዋል። አንዱ መጥረጊያ አገኘ፣ አንዷ የምሳውን ቆሻሻ ለቀመች፣ ሚስተር ሮስኮ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቅለው እንደ ልማዳቸው ጠቀለሉት። ቬርኔል በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ዞር ስትል ሽማግሌው ረጅሙን ጠረጴዛ ብቻቸውን ሲጎትቱ አየች። ጥዬአቸው ልሂድ? አስችሏት አልሄደችም፤ ተመልሳ በሌላኛው ጫፍ ያዘች።

ሲወጡ ክፍሉ እንደ መስታወት አብረቅርቋል። ላይ ሲደርሱ ግን ሰብሳቢው ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር።

«ስማችሁ ተጠርቷል፤ ማንም አልተገኘም። አስተያየት መስጫው ተዘግቷል።»

«ታች ነበርን እኮ ጌታዬ! ክፍሉን እያጸዳን!» ብላ ጮኸች ቬርኔል።

መዶሻው ጠረጴዛውን መታው። ጉዳዩ ለሚመጣው ዓመት ይደር ተባለና እጅ ወጣ፤ አለቀ። እግዜር ያሳያችሁ!

ሰብሳቢው ኮሪደር ላይ አገኛትና ፈገግ አለ። መጥፎ ሰው አይመስልም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

«ጥበቃው ነገረኝ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሰው ከየት ይገኛል? እውነቱን ልንገርዎት፣ እናንተ ያለ ሕንፃም አታፍሩም።»

ደሟ ፈላ። «ያጸዳነው እኮ የራሳችን ስለሌለን ነው! ከሰው ቤት ከሰው ቤት ስንል ነው የለመድነው! ልጄ ዓመት ሙሉ አፏን አልከፈተችም፣ እዚያ ነው ያነበበችው፣ እዚያ ነው—»

«ደስ የሚል ታሪክ ነው። በሚመጣው ዓመት መጥተው ይንገሩን።»

«በሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤቱ የለም!»

ሰብሳቢው ሊፍት ውስጥ ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

«ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ ሚስተር ሮስኮ። «ባልነቅለው ስማችንን እንሰማ ነበር።»

«አይዞዎት» ልትላቸው ፈልጋ ነበር። «ማን አዘዘዎት?» ነው ያለችው። ሽማግሌው አቀረቀሩ። ከአፏ የወጣውን መመለስ አልቻለችም።

አውቶቡሱ ውስጥ ስልኳ ጮኸ።

«እማ፣ ነገርሻቸው? ያነበብኩትን ነገርሻቸው?»

«አልተናገርኩም፣ የኔ ቆንጆ።»

ካሪስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «ፈራሽ አይደል?» አለቻት። «አውቀዋለሁ። ጉሮሮሽን ይይዝሻል።»

ቬርኔል «አዎ፣ ፈራሁ» አለች። ወንበር እያጠፍኩ ነበር ከማለት ይሄ ቀለላት።